የመጋዘኑ ወረቀት ስንት ያወጣል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 74 ብርን ተሻገረ፤ ወር ሳይሞላው 100 አለፈ። እኔ የማተሚያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ ፕሌቱም ከውጭ ነው የሚመጣልን። እርግጥ ብዙ አስመጪ ቀድሞም በጥቁር ገበያው ሒሳብ ይተምን ስለነበር የሁሉም ዕቃ ዋጋ በዶላሩ ልክ አልዘለለም። ቢሆንም ወረቀት ተወደደ።

ያን ሰሞን ከሒሳብ ክፍላችን ጋር አጥብቀን የተከራከርነው መጋዘን ያለውን ወረቀት በስንት እናስላው በሚለው ላይ ነው፤ በገዛንበት ወይስ ነገ በምንገዛበት? ቁጥሩን ላቅልለው። ለአንድ መጽሐፍ የ60 ብር ወረቀት ገባ፣ ለሠራተኛና ለመብራት 20 ብር ወጣ፣ መጽሐፉ በ100 ብር ታተመ እንበል። መዝገቡ 20 ብር አተረፋችሁ ይላል። ያንኑ ወረቀት ለመተካት ግን 90 ብር ከተጠየቅን፣ የቀረችን 80 ብር ስለሆነች 10 ብር ይጎድለናል። ግብሩ የሚሰላው በመዝገቡ ነውና፣ ኩባንያ ከዚያች 20 ብር ላይ 30 በመቶ ይከፍላል። ጉድለቱ 16 ብር ሆነ ማለት ነው። በወረቀት ላይ እያተረፈ ወረቀት መግዣ የሚያጣ ድርጅት እንዲህ ነው የሚፈጠረው። ስለዚህ ዋጋ የምናወጣው በመተኪያው ሒሳብ ነው፤ ፕሮፎርማችን የሚጸናበትንም ጊዜ ወደ ጥቂት ቀናት አሳጠርን።

ጭማሪውን ሁሉም ሥራ እኩል አይሸከመውም። የሠርግ ካርድ ትንሽ ሲወደድ ሙሽሮች ጥሪውን በቴሌግራም ይልካሉ። የመድኃኒት ፋብሪካ ግን ካርቶን ሳያሳትም ምርቱን ገበያ ማውጣት አይችልም፤ የካርቶኑም ወጪ ከመድኃኒቱ ዋጋ ትንሹ ነው። ይከራከራል እንጂ አይቀርም። ማይክሮ ኢኮኖሚክስ የፍላጎት ተለጣጭነት የሚለው ይህንን ነው። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መቶኛ መጨመር ለእኔ ስንፍና ነው።

ብድሩም አለ። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። የዋጋ ንረትን ለማብረድ ነበር፤ ዓላማውን እደግፋለሁ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን በባንክ ብድር ወረቀት ማስመጣት ከበደ፤ እንደኛው ብድር ያጣ ደንበኛም ክፍያ ማዘግየት ጀመረ። ለትልልቅ ሥራዎች ቅናሽ እየሰጠን ቅድመ ክፍያ መጠየቅ የጀመርነው ያኔ ነው። ቅናሹ ትርፋችንን ቢነካም፣ ወረቀቱን ዋጋው ሳይጨምር በደንበኛው ገንዘብ ገዛን።