ቁጥሩ ሲወጣ ሆርሞኑ ይወርዳል

የታይሮይድ ምርመራ ውጤቱን ተቀብሎ የሚወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቲኤስኤች የሚለው መስመር ላይ ነው። ቁጥሩ ከመጠን በላይ ሆኖ ካገኘው «ታይሮይዴ በዝቷል» ብሎ ይደመድማል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቲኤስኤችን የሚያመነጨው አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ሲሆን፣ አንገት ላይ ያለውን ታይሮይድ «ሆርሞን አምርት» እያለ ያዝዘዋል። ሠራተኛው ሲለግም የአሠሪው ድምፅ ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ ታይሮይድ ሲደክም ቲኤስኤች ይጨምራል። ታይሮይድ ከልክ በላይ ሲያመርት ደግሞ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ብዙ ላቦራቶሪዎች ለአዋቂ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ያለውን ጤናማ ይሉታል፤ ለነፍሰ ጡር መለኪያው ይለያል። ትርጉሙ የሚጠራው ግን ታይሮይድ ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን፣ ፍሪ ቲ4፣ አብሮ ሲነበብ ነው። ቲኤስኤች ጨምሮ ቲ4 ከወረደ ዕጢው ተሸንፏል። ቲ4 በልኩ ካለ ግን ዕጢው እየተጎተተም ቢሆን ሥራውን ይሠራል። እንዲህ ያለው መጠነኛ ጭማሪ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲለካ ብዙ ጊዜ ተስተካክሎ ስለሚገኝ፣ በአንድ ወረቀት ብቻ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ለመጀመር መቸኮል አያስፈልግም።

ዕጢው ለምን ይደክማል? እኛ አገር የታይሮይድ ነገር ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው እንቅርትና የአዮዲን እጥረት ነው። አዮዲን በበቂ በሚገኝበት አገር ቀዳሚው ምክንያት ሐሺሞቶ የተባለው ሕመም ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ሐካሩ ሐሺሞቶ የአራት ሴቶችን ያበጠ ታይሮይድ በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ በነጭ የደም ሴሎች ተወርሮ እንዳገኘው በ1912 እ.ኤ.አ. ጻፈ። ምስጢሩ የተፈታው ግን ከ44 ዓመት በኋላ ነው። ለንደን ውስጥ አይቫን ሮይት፣ ዲቦራ ዶኒያክና ባልደረቦቻቸው በሕሙማኑ ደም ውስጥ የገዛ ታይሮይዳቸውን የሚያነጣጥር አንቲቦዲ አገኙ። ሰውነት ራሱን ያጠቃል ማለት ያኔ ለብዙ ሳይንቲስቶች የሚዋጥ ሐሳብ አልነበረም።

ከእነዚህ አንቲቦዲዎች ዛሬ በብዛት ምርመራው የሚታዘዘው አንቲ ቲፒኦ ለሚባለው ነው። ሐሺሞቶ ካለባቸው 10 ሰዎች 9 ያህሉ ላይ ይገኛል፤ ምንም ያላመማቸው ሰዎችም ደም ውስጥ አይጠፋም። አንቲቦዲው የድካሙን ምክንያት ይጠቁማል እንጂ የዕጢውን አቅም አይለካም። 600 ይሁን 1200፣ የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው ቲኤስኤች ነው። አንዴ ከታወቀ በኋላ በየጊዜው ማስለካቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ ገንዘብ ማባከን ነው። ግሬቭስ በሚባለው ሕመም ደግሞ አንቲቦዲው የቲኤስኤችን ቦታ ይዞ ዕጢውን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል፤ ቲኤስኤች ይወርዳል፣ ቲ4 ይጨምራል።

ይህንኑ የግሬቭስ መልክ ጤነኛ ሰው ላይ የሚያመጣ ሌላ ነገርም አለ፦ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲን። ብዙ የመመርመሪያ መሣሪያዎች በአሠራራቸው ባዮቲንን ስለሚጠቀሙ፣ ደም ውስጥ ሲበዛ ቁጥሩን ያዛባዋል። ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት ማቆም ይመከራል። ሐኪሙ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን፣ ቫይታሚን መድኃኒት የማይመስለው ሰው «የለም» ብሎ ያልፋል።