ስለ ንጉሡ ሲነገር፦ ከሄሮድስ እስከ እኛ

በነገረ ክርስቶስ ትምህርት ላይ ተማሪዎቼን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ «ኢየሱስ ንጉሥ ነው ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» ብዙዎቹ «ጌታ ነው ማለት ነው» አሉ። «ጌታስ ምን ማለት ነው?» ስላቸው «ንጉሥ» ብለው መለሱልኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከኋላ የተቀመጡ፣ በዕድሜ ከእኔ እጅግ የሚበልጡ አንድ ወንጌላዊ ግን አልሳቁም። «መምህር፣ አባቴ በመሬት ክርክር ንጉሡ ፊት አቤት ለማለት ከአገር ቤት መጥቶ ወራት ደጅ ጠንቷል። ሳይሰማ ነው የተመለሰው። እኔ ንጉሥ ሲባል የሚታየኝ ያ ደጅ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ውይይቱ መልኩን ቀየረ። አንዱ ቃል ለሁላችን አንድ ነገር እንደማይናገር ግልጽ ሆነልኝ።

አጼ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደዋል። ዛሬ በጉባኤያችን ከሚቀመጡት ምእመናን አብዛኞቹ ነጋሽ አላዩም፤ ለእነርሱ «ንጉሥ» የመዝሙር ቃል ነው። ለሸመገሉት ግን ቃሉ ክብደት አለው። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በዘራቸውና በተቀቡት ቅባት ምክንያት አካላቸው የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይነቀፍ እንደሆነ ይደነግግ ነበር። በዚህ ላይ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው አለ። ብዙዎቻችን ይህን የነገሥታቱ ማዕረግ አድርገን ነው የምናውቀው። የታሪክ ምሁሩ ስቬን ሩቤንሰን እንዳሳየው ግን ሐረጉ በቀድሞ ነገሥታት ደብዳቤዎችና ማኅተሞች ላይ ሲቀመጥ ስለ ክርስቶስ ድል የሚመሰክር መፈክር ነበር (ራእይ 5፥5)፤ የንጉሡ የራሱ ስም የሚመጣው ከእርሱ ቀጥሎ ነው። ከጊዜ በኋላ መካከሉ ያለው ድንበር ጠፋና ምስክርነቱ ማዕረግ ሆነ። ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም፤ ለክርስቶስ የተነገረ ቃል ወደ ገዢ ሲሻገር የታየባቸው አገሮች ብዙ ናቸው።

አዲስ ኪዳን ሰዎች ለዚህ ንጉሥ የሰጡትን ምላሽ ገና ከልደቱ ታሪክ ጀምሮ ያሳየናል። በማቴዎስ 2 ሄሮድስ ደነገጠ፤ ኢየሩሳሌምም አብራው ደነገጠች። ሰብአ ሰገል ከሩቅ አገር መጥተው ሰገዱ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስጨንቁኝ ግን መካከል ላይ ያሉት የካህናት አለቆችና ጻፎች ናቸው። መሲሑ የት እንደሚወለድ ሲጠየቁ መልሱ በእጃቸው ነበር፤ ጥቅሱንም አልሳቱም። ቤተ ልሔም ከኢየሩሳሌም አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። ሆኖም አንዳቸውም እንደ ሄዱ አልተጻፈም። (የሴሚናሪ መምህር ይህን ክፍል ሲያስተምር ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ አይፈረድበትም።)

በተሰሎንቄ ደግሞ ነገሩ ክስ ሆነ። ከሳሾቹ ጳውሎስና ሲላስ የቄሣርን ትእዛዝ የሚቃወሙ፣ ኢየሱስ የሚባል ሌላ ንጉሥ እንዳለ የሚናገሩ ናቸው አሏቸው (ሐዋ. 17፥7)። ሉቃስ ቅንዓት እንዳነሣሣቸው ይነግረናል። ይሁን እንጂ ክሱ ከመሠረቱ ሐሰት ነበር ለማለት እቸገራለሁ። ጳውሎስ ለዚያች ቤተ ክርስቲያን ሲጽፍ ለጌታ መምጣት የተጠቀመበት «ፓሩሲያ» የሚለው የግሪክ ቃል፣ ገዢ ከተማን ሊጎበኝ ሲመጣም የሚነገር ቃል ነው። ያንን የሰማ የከተማው ነዋሪ ወደ አእምሮው የሚመጣለት የንጉሥ አቀባበል ነው። ከሳሾቹ የተሳሳቱት ይህ ንጉሥ የሚነግሥበትን መንገድ እንጂ መንገሡን አይደለም።

ከዚህ ጋር አብሮ ሊነበብ የሚገባው፣ በእኛ ዘንድ ግን እምብዛም የማይነገር አንድ ታሪክ አለ። አውሳብዮስ ዘቂሣርያ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ከሄጌሲጶስ ወስዶ እንደሚተርከው፣ ንጉሠ ነገሥት ድምጥያኖስ (እ.ኤ.አ. 81–96) ከዳዊት ዘር የሆኑ ሁለት ሰዎች ተይዘው እንዲቀርቡለት አደረገ። ሰዎቹ የጌታ ወንድም የተባለው የይሁዳ የልጅ ልጆች ነበሩ። ተራኪው ድምጥያኖስ እንደ ሄሮድስ የክርስቶስን መምጣት ፈርቶ እንደ ነበር ይናገራል። መጀመሪያ የጠየቃቸው ስለ ሀብታቸው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ያላቸው 9000 ዲናር የሚገመት ንብረት ነበር፤ እርሱም ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን 39 ፕሌትራ የሚሆን መሬት ነው። መሬቱን በገዛ እጃቸው እያረሱ ግብር ይከፍሉበታል፤ ይተዳደሩበታል። ይህንንም ለማስረዳት ከሥራ ብዛት የጠጠረ መዳፋቸውን አሳዩት። ስለ ክርስቶስ መንግሥት ሲጠይቃቸው፣ መንግሥቱ ምድራዊ ሳይሆን ሰማያዊ እንደሆነ፣ ክርስቶስም በዘመን ፍጻሜ በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ በክብር ሲመጣ እንደሚገለጥ መለሱለት። ንጉሠ ነገሥቱ ተራ ሰዎች አድርጎ ናቃቸውና ለቀቃቸው፤ ስደቱንም እንዲቆም አዘዘ።

ለቤተ ክርስቲያን እፎይታ ነበር። ሆኖም መልሱን ደግመን ስናነበው ድምጥያኖስ ያልሰማው ነገር አለ። እነዚያ ገበሬዎች በሕያዋንና በሙታን ላይ ስለሚፈርድ ንጉሥ ነው የነገሩት፤ ከሕያዋኑ አንዱ ደግሞ እርሱ ራሱ ነው። ሄሮድስ ጨካኝ ቢሆንም ከድምጥያኖስ ይልቅ ነገሩ ገብቶት ነበር እላለሁ። «ሰማያዊ» የሚለውን ቃል «የማይመለከተን» ብሎ መተርጎም ያኔ ተጀመረ፤ ዛሬም አልቆመም።

በደርግ ዘመን ይህ ትርጓሜ ተፈትኗል። አማኞች ግራ እጃቸውን አንሥተው አብዮቱ ከሁሉም በላይ መሆኑን እንዲያስተጋቡ ሲታዘዙ፣ ጥያቄው አንዲት አጭር መፈክር የመናገር ብቻ ይመስል ነበር። «ከሁሉም በላይ» የሚለው ቦታ ተይዟል ብለው እምቢ ያሉ ታሰሩ፣ ተገረፉ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በመፈክሩ ጊዜ እጃቸውን ያነሡም ነበሩ፤ ያንን የፍርሃት ዘመን ሳላይ ልፈርድባቸው አልደፍርም።

የእኛ ዘመን ምላሽ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። አንደነግጥም፤ አንከስም፤ አንክድም። በደስታ እንቀበለዋለን፤ ከዚያም «የንጉሥ ልጅ ነኝና ይገባኛል» እንላለን። ቪዛው፣ መኪናው፣ ሹመቱ ከንጉሡ ግምጃ ቤት እንደሚወጣ ድርሻ ይታወጃል። በዮሐንስ 6 ሕዝቡ እንጀራ ከጠገበ በኋላ ኢየሱስን ይዞ ሊያነግሠው ፈለገ፤ እርሱ ግን ይህን አውቆ ብቻውን ወደ ተራራ ፈቀቅ አለ (ዮሐ. 6፥15)። አነጋገሡ ሲታይ ፍጹም እምነት ይመስላል፤ የሸሸው ግን ከዚህ ነው። የንጉሡ የሥጋ ዘመዶች በድምጥያኖስ ፊት ዝምድናቸውን ያልካዱትም መዳፋቸው እንደ ጠጠረ፣ ግብራቸውንም እየከፈሉ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ዕብራውያን 4፥16ን አነበብን፤ ወደ ጸጋው ዙፋን በእምነት ስለ መቅረብ የሚናገረውን። ወንጌላዊው እጃቸውን አነሡ። «እዚህ ደጅ ላይ ዘበኛ የለም ማለት ነው?» አሉ። የለም አልኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «አባቴ ይህን ቢሰማ አያምንህም ነበር» አሉኝ፤ ቀጥለውም ጥቅሱን በማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።