«ልጁ አይናገርም» ሲሉን በየትኛው ቋንቋ ማለታቸው ነው?

በኦሪጅናል ኦሮራ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ግራና ቀኝ ባሉት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የወገኖቻችን ልጆች ቁጥር ቀላል አይደለም። አማርኛ በኦሮራ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከእንግሊዝኛና ከስፓኒሽ ቀጥሎ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ታዲያ ከነዚህ ልጆች መካከል አንዳንዶቹ በየዓመቱ ደብዳቤ ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ። ደብዳቤው ባጭሩ «ልጅዎ በንግግር ወይም በቋንቋ በኩል ችግር ያለበት ስለመሰለን እንድንመረምረው ይፍቀዱልን» የሚል ነው። አንዱ ቤት «ልጄን ዘገምተኛ ሊሉት ነው» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይደብቀዋል። ሌላው ቤት ደግሞ «እነሱ ያውቃሉ» ብሎ ሳያነብ ይፈርማል። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

አገር ቤት ሳለሁ ሥራዬ ጋዜጠኝነት ነበር። በሰው አገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ብማርም የተማርኩት ሕክምና አይደለም። ነገር ግን ለኑሮ ስል በአስተርጓሚነት በሠራሁባቸው ጊዜያት በነዚህ የትምህርት ቤት ስብሰባዎች ላይ ደጋግሜ ተቀምጫለሁ።

እኛ ለዚህ ጉዳይ ያሉን ቃላት አብዛኞቹ ስድብ ናቸው፦ ኮልታፋ፣ ተብታባ፣ ዲዳ። ስፒች ቴራፒስት የሚባለው ባለሙያ ግን ነገሩን ለያይቶ ያየዋል። ድምፁን አጣርቶ ማውጣት ያቃተው ልጅ አለ። ሐሳቡ እያለው ቃሉ ሲወጣ የሚደናቀፍበት አለ፤ መንተባተብ ከመቶ ሰው አንዱን ያህል የሚይዝ ነገር ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ ሳለ ዓረፍተ ነገር መገጣጠም፣ የተነገረውን መረዳት፣ ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማውራት የሚከብደውም አለ። ይኸኛው በዓይን ስለማይታይ ብዙውን ጊዜ «ሰነፍ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የአዮዋ ጥናት ከመዋዕለ ሕፃናት ልጆች መካከል 7 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት ይህ የቋንቋ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል።

የኛ ልጆች ጣጣ የሚጀምረው ችግርንና ልዩነትን መለየት ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ የእንግሊዝኛውን «ዚስ» በ«ዘ» ቢለው በሽታ የለበትም፤ በቋንቋው ውስጥ የሌለ ድምፅ ነውና። አዲስ የመጣ ልጅም ለወራት አፉን ዘግቶ ሊያዳምጥ ይችላል። ታላቅ ሲያናግረው ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ልጅ እኛ ዘንድ ጨዋ ነው፤ በመርማሪዋ ወረቀት ላይ ግን «ዓይን ለዓይን አይተያይም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የባለሙያዎቹ መሠረታዊ መመዘኛ ይኸው ነው፦ እውነተኛ የቋንቋ ችግር ልጁ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይታያል። በእንግሊዝኛው ብቻ የሚታይ ከሆነ ልጁ እንግሊዝኛ እየተማረ ነው ማለት ነው።

ይህን ያለማጣራት ያስከተለው ጉዳት በፍርድ ቤት ታሪክ ተመዝግቧል። በካሊፎርኒያ የሜክሲኮ ተወላጅ የሆኑ 9 ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው ለአእምሮ ዘገምተኞች ወደተዘጋጀ ክፍል ተወረወሩ። በሁለት ቋንቋ እንደገና ሲፈተኑ አብዛኞቹ ያ ክፍል የማይገባቸው ሆነው ተገኙ። ዲያና በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ክስ በ1970 እ.ኤ.አ. በስምምነት ሲያልቅ፣ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ እንዲመረመሩ የሚያስገድደውን መንገድ ከፈተ። በ1975 የወጣውና ዛሬ አይዲኢኤ የሚባለው የፌዴራል ሕግም ምርመራው በልጁ ቋንቋ እንዲሆን ያዛል።

ሕጉ ያዛል እንጂ ሥራው በትእዛዝ ብቻ አይሳካም። የእንግሊዝኛውን ፈተና ወደ አማርኛ መተርጎም መፍትሔ አይደለም፤ ነጥቡ የተለካው በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ነውና። በዚያ ላይ አማርኛ የራሱ ጠባይ አለው። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ደግሞ «ጊዜው አልደረሰም» ነው። ጠ፣ ጨ፣ ቀ የሚባሉትን ድምፆች የማያውቅ ጆሮ ልጁ አጥርቶ ይበላቸው አይበላቸው በምን ይፈርዳል?

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ትምህርት ቤቱን አልጠራም። የሰባት ዓመት ልጅ ሥዕል ተሰጥቶት በአማርኛ እንዲያወራ ተጠየቀ። በስልክ የሚያስተረጉመው ሌላ ሰው ነበር። ልጁ «እናቴ ሄደ፣ ዳቦ ገዛ» አለ። አስተርጓሚው ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በእንግሊዝኛው ግሥ ወንድና ሴት አይለይምና ስሕተቱ በትርጉሙ ውስጥ ሟሟ፤ ቴራፒስቷ ጆሮ የደረሰው የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ነው። ልጁ ደጋግሞ እንዲህ ነበር የሚናገረው። እናትየዋ ግን ሰምታለች፤ «ታናሽ እህቱ እንኳ እንዲህ አትልም» አለችኝ ስንወጣ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከፈተናው ሁሉ የበለጠች ማስረጃ ነበረች፤ የጠየቃት ግን የለም። (እርግጥ እዚህ ተወልዶ አማርኛው እየጠፋበት ያለ ልጅም እንዲህ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ልጁ በቀን ምን ያህል አማርኛ እንደሚሰማም መነገር አለበት።)

ወላጆች ሆይ፣ አስተርጓሚውን «ልጄ ያለውን እንዳለ፣ ስሕተቱንም ጨምረህ ንገርልኝ» በሉት። ጎበዝ ቴራፒስት ልጁ ስንት ዓመት ሲሆነው አፍ እንደፈታ፣ ከእህት ወንድሞቹ ጋር ሲነጻጸር እንዴት እንደሆነ ትጠይቃችኋለች። ካልጠየቀች ሳትጠየቁ ተናገሩ። የሌላውን ልጃችሁን ለአስተርጓሚነት አታስቀምጡ፤ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው።

አንዳንድ መምህራን ዛሬም «እቤት እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ ምክር ከጥናቱ ጋር አይገጥምም። ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ ችግር አያመጣም፣ አማርኛን መተውም ችግሩን አያድንም። እናት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከምታወራው ይልቅ በምትችለው ቋንቋ ተረት ብትነግረው ልጁ ይጠቀማል። ከአያቱ ጋር በምን ቋንቋ ሊያወራ ነው?

ከሁሉ በፊት ጆሮ ይታይ። በዚህ ነገር ዴንቨር ለዓለም የተረፈች ከተማ ናት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አራስ ሕፃናት ገና ከሆስፒታል ሳይወጡ መስማታቸው እንዲመረመር የታገለችው ማሪየን ዳውንስ የሠራችው እዚሁ ነው፤ በ2014 በ100 ዓመቷ ነው ያረፈችው። በ1998 ደግሞ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲዋ ክርስቲን ዮሺናጋ ኢታኖ፣ የመስማት ችግራቸው ከስድስት ወር በፊት የታወቀላቸው ልጆች በቋንቋ እጅግ እንደሚሻሉ አሳየች። አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ የተወለዱት ልጆቻችን ግን ይህ ምርመራ ሳይደረግላቸው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። «አይሰማም፣ ልበ ደንዳና ነው» የምንለው ልጅ የእውነት ላይሰማ ይችላል።

ኀፍረቱን በተመለከተ ከሟቿ ከወይዘሮ ዘሚ የኑስ የበለጠ ምሳሌ የለኝም። ከአሜሪካ አገሯ ተመልሳ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ሳትደብቅ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጆይ ማዕከልን ከፈተች። ንግግር ላልመጣላቸው ልጆችም ከፊደላችን ድምፆች የተነሣ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ ማስተማሪያ አዘጋጀች። በ2021 አረፈች። ጸበል የሚወስድም ይውሰድ፤ ጸበሉ ከቴራፒው ጋር የሚጣላበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ደብዳቤ እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም፤ ወላጅ ራሱ ምርመራ መጠየቅ ይችላል። በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀን ጻፉበት፣ ቅጂ አስቀሩ። ፈቃዱን ከፈረማችሁ በኋላ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ለምርመራ መፈረም ለአገልግሎቱ መፈረም አይደለም፤ ሁለተኛ ፊርማ አለ። በውጤቱ ካልተስማማችሁ በዲስትሪክቱ ወጪ ከውጭ ባለሙያ ሌላ ምርመራ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ዲስትሪክቱ ከተቃወመ የራሱ ምርመራ ትክክል መሆኑን በችሎት ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። አገልግሎቱ በነጻ ነው። ወረቀት የሌለው ወገን ልጅም የመማር መብት እንዳለው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ወስኗል። ሜዲኬድ ያለው ልጅ ደግሞ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ፣ ከትምህርት ቤት ውጭም ቴራፒ ይሸፈንለታል።

ልጁ ይገባዋል ከተባለ አይ.ኢ.ፒ. የሚባል የግል የትምህርት ዕቅድ ይጻፍለታል። በሳምንት ስንት ደቂቃ፣ ከማን ጋር፣ ለምን ግብ የሚለው ቁጥር እዚያ ላይ መኖሩን ተመልከቱ። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ቃል ካያችሁ ስንት ደቂቃ ማለት እንደሆነ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ዕቅዱ በየዓመቱ ይታያል፣ ልጁም ቢያንስ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እንደገና ይመረመራል። ኪራይ እየገፋን የምንዛወር ሰዎች ነንና ዮሰሚቲ ጎዳናን ወደ ምዕራብ ስትሻገሩ ዴንቨር፣ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ቼሪ ክሪክ ዲስትሪክት ውስጥ ልትገቡ ትችላላችሁ። የአይ.ኢ.ፒ.ውን ቅጂ ከልደት ካርዱ ጋር ያዙት። አዲሱ ትምህርት ቤት የራሱን እስኪጽፍ ድረስ ተመጣጣኝ አገልግሎት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድደዋል።