ከአጥሩ ሥር ያለችው መደብ

(ምስል፦ አዲስ አበባ፣ ማለዳ። ከቆርቆሮ አጥር ሥር ያለች ጠባብ መደብ። ጤዛ የቋጠሩ ቅጠሎች።)

ተራኪ፦ ጥቅምት ነው፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ራዲሽ ግን ይኼን ብርድ ይወደዋል። ጎመንና ጤና አዳም የሞላው የእናቴ ጓሮ ዘንድሮ አንዲት መደብ ለቀቀልኝ፤ ርዝመቷ ሁለት ሜትር አይሞላም።

ዘሩን የዘራሁት በመስቀል ማግስት ነው፤ ዛሬ 26ኛ ቀኑ። የጣት ጥፍር ያህል ጥልቀት ባለው ትልም፣ እዚያው በሚያድግበት ቦታ። ራዲሽን ችግኝ አፍልቶ ማዛወር አያዋጣም፤ የምንበላው ሥሩን ነውና ሥሩ ከተነካ ይጣመማል። በአምስተኛው ቀን ልብ የመሰሉ ሁለት ሁለት ቅጠሎች ብቅ አሉ።

የከበደኝ ማሳሳቱ ነው። አምና የበቀለን ነገር ለመንቀል አንጀቴ አልቻለም፤ ቅጠል ብቻ ለቅሜ ቀረሁ። ተጨናንቆ የበቀለ ራዲሽ የሚወፍርበት ቦታ ያጣና ሥሩ ክር ይመስላል። ዘንድሮ በመካከላቸው ሦስት ሦስት ጣት እየተውኩ ነቀልኩ። የተነቀለውን እናቴ ከጎመኑ ጋር ቀርድዳ ቀቀለችው።

(ምስል፦ በቅርብ። እጅ የቅጠሉን አንገት ይዞ ይስባል። አፈሩ ይሰነጠቃል።)

ተራኪ፦ የመጀመሪያው ቼሪ ቤል ነው፤ ክብ፣ ድምቅ ያለ ቀይ። ፍሬንች ብሬክፋስት የሚባለው ረዘም ይላል፤ ትከሻው ቀይ፣ ጫፉ ነጭ። ኢስተር ኤግ ደግሞ ድብልቅ ዘር ስለሆነ ሲዘራ ቀለሙ አይታወቅም። ይኸው፣ ሐምራዊ። ቀጥሎ ሮዝ። ቀጥሎ ነጭ። በውኃ ለቅለቅ ሲደረጉ የሚያወጡትን ወዝ ካሜራው ሙሉ በሙሉ የሚያሳያችሁ አይመስለኝም።

አደራ፣ አትላጡት። የእነዚህ ሁሉ ቀለም ያለው ልጣጩ ላይ ነው፤ ውስጣቸው ነጭ ነው። ሥርዓቱን የገለበጠው የቻይናው ዝርያ ነው፦ ውጪው ነጭና አረንጓዴ፣ ውስጡ እንደ ሐብሐብ ደማቅ። ቻይናውያን ሺን ሊ ሜይ ይሉታል፤ «ልቡ ውብ» እንደ ማለት። እሱ ግን አይቸኩልም፤ ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል።

(ድምፅ፦ ቢላዋ በመክተፊያ ላይ።)

ተራኪ፦ እናቴ አንዱን በስሱ ቆርጣ፣ ጨው ነስነስ አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተችው። ዝም አለች። ከዚያ አፍንጫዋን ያዘች።

«ውይ! ይኼማ ሰናፍጭ ነው!»

አልተሳሳተችም። ራዲሽ፣ ሰናፍጭና ጎመን አንድ ቤተሰብ ናቸው። በሥሩ ውስጥ ለየብቻ የተቀመጡ ሁለት ነገሮች አሉ፦ ግሉኮሲኖሌት የሚባለው ውሁድና እሱን የሚሰባብረው ኤንዛይም። ቢላዋ ወይም ጥርስ ሲያርፍበት ይገናኛሉ፤ አፍንጫ ድረስ የሚወጣው ማቃጠል የሚፈጠረው ያን ጊዜ ነው። ፀሐይ የበረታበትና ውኃ የተጠማ ራዲሽ ይብስበታል። ሲደርቅ ሰንብቶ ድንገት ውኃ ከበዛበት ደግሞ ይሰነጠቃል። ጠዋት ጠዋት ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ነው የሚሻለው።

«ትንሽ ይወፍር» ብሎ ማቆየትም ጥሩ አይደለም። ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ካልተነቀለ ውስጡ ቡሽ ይሆናል። ለዚህ ነው ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን መዝራት የማያዋጣው፤ በየዐሥር ቀኑ አንድ አንድ ትልም ለአንድ ቤት ይበቃል።

(ምስል፦ የምሳ ትሪ። አዚፋ፣ ዳሩ በቀይና በሐምራዊ ቁራጮች የተከበበ።)

ተራኪ፦ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጾም። ፈረንሳዮች ራዲሽን በቅቤና በጨው ይበሉታል። እናቴ ከአዚፋው ጋር አቀረበችው፤ የራዲሹ ማቃጠልና የአዚፋው ሰናፍጭ ተገናኙ፤ ትሪው ቶሎ ባዶ ሆነ።

(ምስል፦ መደቧ እንደገና፤ ከሰዓት።)

ተራኪ፦ ከመደቧ ጫፍ ያሉትን ሦስቱን እንዳልነቅል ከልክላኛለች። «ያብቡ ተዋቸው» አለች። አበባቸውን ንብ ይወደዋል፤ ከአበባው በኋላ የሚያፈሩት ለጋ እሸትም ይበላል፤ የተረፈው ደርቆ ዘር ይሆናል።

እሷ አጎንብሳለች። በተነቀለው ቦታ ላይ፣ በሌባ ጣቷ፣ አዲስ ትልም እያወጣች ነው።