ደማቅ አበባን በቤት ውስጥ በቅርብ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

አበባ ለዐይን ደስታ የተሰጠ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜው አጭር ነው። ዛሬ አምሮ የታየው ከጥቂት ቀን በኋላ ይጠወልጋል። ስለዚህ ሰው የሚወደው አበባ ከመርገፉ በፊት መልኩን በሥዕል አስቀርቶ ለማኖር ሲመኝ ኖሯል። በአገራችንም የእንቁጣጣሽ ዕለት ወንዶች ልጆች በወረቀት ላይ አበባ ሥለው ለየቤቱ ማበርከታቸው የዚሁ ምኞት ምልክት ነው ሊባል ይቻላል። ዛሬ ደግሞ ፎቶግራፍ ማንሻ በብዙ ሰው ኪስ ስለሚገኝ፥ ይህን ሥራ ቤተ ሰብ ሁሉ ከቤቱ ሳይወጣ ሊሠራው ይችላል። ይሁን እንጂ ሲያዩት ቀላል የመሰለው ሥራ ሲሠሩት አስቸጋሪ መሆኑን የሞከረው ሁሉ ያውቀዋል።

የምናውቃቸው አንዲት ወይዘሮ ልጃቸው በአሜሪካ አገር ይኖራል። ልጁ ከአገሩ ከወጣ ብዙ ዓመት ስለ ሆነ፥ በመስከረም ወር አደይ አበባ የለበሰ ሜዳ ካየ ቈይቷል። ስለዚህ ወይዘሮዋ በአዲሱ ዓመት መባቻ አንድ እቅፍ አደይ አስመጥተው በጠረጴዛ ላይ አኖሩና፥ በእጅ ስልካቸው አንሥተው የበዓል ስጦታ ይሁንህ ብለው ላኩለት። ልጁም አመስግኖ ሲመልስ፥ «እማዬ፥ ቢጫውን አየሁት፤ አበባው ግን አልታየኝም» አላቸው። እሳቸውም ሥዕሉን ዳግመኛ ቢመለከቱት፥ አንዱ የአበባ ቅጠል ከሌላው ሳይለይ፥ እንደ ፈሰሰ የእንቍላል አስኳል ሆኖ አገኙት።

የዚህ ጉድለት ምክንያት ከወይዘሮዋ እጅ ሳይሆን ከአበባው ድምቀት የመጣ ነው። የዛሬ ካሜራ በፊልም ፈንታ ብርሃን የሚቀበሉ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጥቃቅን ነጥቦች አሉት። ነጥቦቹም በብዙዎቹ ካሜራዎች በአራት በአራት ተከፍለው፥ ከአራቱ ሁለቱ አረንጓዴን፥ አንዱ ቀይን፥ አንዱ ሰማያዊን እንዲቀበሉ ሆነው ይሠራሉ። ይህን አከፋፈል ያወጣው በኮዳክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ብራይስ ባየር ነው፤ የፈጠራ መብቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ተሰጠ።

እንግዲህ እያንዳንዱን ነጥብ እንደ አንድ ጽዋ፥ ብርሃኑንም በጽዋው እንደሚቀዳ ውሃ እንቍጠረው። ቀይ ጽጌረዳ በካሜራው ፊት ሲቀርብ፥ የቀዩ ጽዋ ሞልቶ ሲፈስ የአረንጓዴውና የሰማያዊው ባዶ ሊሆኑ ጥቂት ይቀራቸዋል። ቢጫ አደይ ሲቀርብ ደግሞ የቀዩና የአረንጓዴው አብረው ይሞላሉ። ጽዋ ከሞላ በኋላ ቢጨምሩበት ልዩነት አያሳይም፤ ስለዚህ የቅጠሉ እጥፋት፥ መስመሩና ጥላው ሁሉ በአንድ ቀለም ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። አበባውን የሸፈነው የራሱ ድምቀት ነው ማለት ነው።

ቀለምን በፎቶግራፍ የማስቀረት ችግር ግን ዛሬ የመጣ አይደለም። የጥንቱ የፎቶግራፍ መስተዋት ሰማያዊ ብርሃንን እንጂ ቢጫንና ቀይን ለመቀበል የማይችል ስለ ነበረ፥ እንደ አደይ ያለ ቢጫ አበባ በሥዕሉ ላይ ጠቍሮ ይወጣ ነበር። በ1873 ፎገል የተባለ የጀርመን ሊቅ መስተዋቱ በማቅለሚያ ቢታከም አረንጓዴውንም ብርሃን ሊቀበል እንደሚችል ገለጠ። ከዚያም በ1907 የሊዮን ከተማ ሰዎች የሆኑት የፈረንሳይ ወንድማማቾች ሉሚየሮች፥ ከድንች የወጣ ዱቄት በሦስት ዓይነት ቀለም ነክረው በመስተዋት ላይ በመበተን፥ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ የሚያነሣ መስተዋት ለገበያ አወጡ። ይህ መስተዋት ብርሃን ለመቀበል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልግ ነበር፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አንሺዎች በማስቀመጫ የተደረደረ አበባን አዘውትረው ያነሡ ነበር። አበባ እንደ ሕፃን አይቍነጠነጥም፤ ቁም ሳይሉትም ይቆማል።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ደማቅ አበባን በቤት ውስጥ በቅርብ ለማንሣት አራት ነገሮችን መጠበቅ ይገባል።

መጀመሪያው ብርሃኑን ማለዘብ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበትን መስኮት መምረጥ፥ ይህ ባይገኝ በመስኮቱ ላይ ነጭ ነጠላ መጋረድ ነው። አበባውን ከመስኮቱ ጐን አኑሮ በወዲያኛው ወገን ነጭ ወረቀት ቢያቆሙለት፥ ብርሃኑ ከወረቀቱ ተመልሶ ጥላውን ያቀልለታል። የኤሌክትሪክ መብራት ግን ይጥፋ። የብዙው የቤት አምፖል ብርሃን ወደ ቢጫ፥ የመስኮቱ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ፥ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የአበባው እውነተኛ ቀለም ይለወጣል።

ሁለተኛው ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን መቀነስ ነው። በብዙው የእጅ ስልክ አበባውን በጣት ሲነኩት የፀሐይ ምልክት ይታያል፤ ያንን ወደ ታች መሳብ ነው። በካሜራ የሚሠራ ሰው ደግሞ የብርሃኑን ልክ ከ0 ወደ ተቀናሽ 1 ያውርደው። ሥዕሉ ጥቂት የጨለመ ቢመስል አያስፈራም፤ በመጠኑ የጨለመውን በኋላ ማብራት ይቻላል፥ ሞልቶ የፈሰሰውን ግን መመለስ አይቻልም። ከአበባው ኋላ ጥቁር ጨርቅ የሚዘረጋ ሰው ይህን ምክር ይበልጥ ይጠብቅ፤ ካሜራው ጥቁሩን ሲያይ ብርሃኑ ያነሰ መስሎት ይጨምራልና።

ሦስተኛው ከአበባው የትኛው ክፍል ጠርቶ እንዲታይ አስቀድሞ መወሰን ነው። ወደ አበባው እጅግ በተጠጉ መጠን ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ይጠባል። ባለ 35 ሚሊሜትር ካሜራ የያዘ ሰው፥ በውስጡ ያለው ምስል ከአበባው ጋር እኩል እስኪሆን ቢጠጋ፥ የብርሃን መግቢያውን በ8 ቍጥር ላይ ቢያደርገው እንኳ ጠርቶ የሚታየው 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉን ላሳይ የሚል ሰው አንዱንም ሳያሳይ ይቀራል። የእጅ ስልክም ከልኩ በላይ ሲጠጋ ስለሚደበዝዝ፥ እስኪጠራ ድረስ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ማንሣትና ዳር ዳሩን በኋላ መቍረጥ ይሻላል።

አራተኛው ጸጥታ ነው። በቤት ውስጥ ነፋስ አለመኖሩ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን የቤት ብርሃን ከውጭው ስለሚያንስ ካሜራው ብርሃኑን ለመቀበል ይዘገያል፥ በዚያች ቅጽበት እጅ ቢንቀጠቀጥ ሥዕሉ ይበላሻል። ስለዚህ ስልኩን በተደራረቡ መጻሕፍት ላይ አስደግፎ፥ ከተነካ ከ2 ሰከንድ በኋላ በራሱ እንዲያነሣ ማዘዝ፥ በርንም መዝጋት ነው። አበባውም በማለዳ ተቀጥፎ፥ አገዳው ሰያፍ ተቈርጦ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ለሥራው ጊዜ ይሰጣል።

ከላይ የተናገርንላቸው ወይዘሮ ይህን ሁሉ ከተረዱ በኋላ፥ አደይ ገና ሳያልፍ ለመስቀል በዓል ዳግመኛ ሞከሩ። በመስኮቱ ላይ ነጠላቸውን ጋረዱ፥ ከእቅፉ መካከል አንድ አበባ ብቻ መርጠው አኖሩ፥ ብርሃኑንም ቀነሱ። ሥዕሉ ሲወጣ በየቅጠሉ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ታዩ። በመካከሉም እስከዚያ ቀን አንድ ጕብጕብ ነገር ብቻ መስሏቸው የኖረው ክፍል፥ እያንዳንዱ አምስት ጫፍ ያለው የጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ሆኖ አገኙት። በእውነትም አደይ አንድ አበባ መስሎ የሚታይ የብዙ አበቦች ማኅበር ነው። ወይዘሮዋ በየዓመቱ ሲያዩት የኖሩትን አበባ ያን ቀን ገና አዩት።

ሥዕሉንም ለልጃቸው ላኩለት። በዚህ ጊዜ ግን መልሱን የጻፈው እሱ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው አገር የተወለደችው ትንሽ ልጁ፥ «አያቴ፥ በመካከሉ ያሉት ትንንሽ ኮከቦች ምንድን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ወይዘሮዋም ያን ምሽት ስልኩን ይዘው ስለ አደይ አበባ፥ ስለሚበቅልበት ሜዳና ስለ መስከረም ወር ለልጅቱ ብዙ ነገር ነገሯት።