ድንኳን፣ ዋሻና ደሴት፦ የምዕራብ ሸዋ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃዎች የት ገቡ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ዓይኑን የሚይዘው አንጋፋ ሕንፃ የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። እርሱም ቢሆን ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለቤተ መንግሥት ብለው ያስጀመሩት፣ ኋላ ቤተ ክርስቲያን የሆነ፣ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ብዙም ያልራቀ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ጉደርና ጌዶ ድረስ ከመንገዱ ዳር የመካከለኛው ዘመን ግንብ አይታይም። ወደ አጥቢያዎች በወጣን ቁጥር አረጋውያኑም ወጣቶቹም የሚጠይቁን ጥያቄ አንድ ነው፦ አገሩ ጥንታዊ ከሆነ ሕንፃው የት አለ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ምድር በዚያ ዘመን ጭር ያለ ዳርቻ አልነበረምና። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ውስጥ ሞተለሚ በተባለው ንጉሥ የምናውቀው የዳሞት መንግሥት ማዕከሉ ዛሬ በጎጃም ከምናውቀው ዳሞት ሳይሆን ከዓባይ በስተ ደቡብ፣ ከሸዋ በስተ ምዕራብ ነበር፤ ስሙ ወንዙን የተሻገረው ኋላ ከሕዝቡ ጋር ነው። ዐፄ ዓምደ ጽዮን ዳሞትን ያስገበሩት በ1309 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የደብረ ሊባኖስ ደቀ መዛሙርት በሸዋ አውራጃዎች ተሰማሩ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተተከሉ። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1450ዎቹ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ «ባራራ» የሚባል የነገሥታት ከተማ ይገኛል፤ ተመራማሪዎችም ከተማውን በእንጦጦ፣ በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል ይፈልጉታል።

መልሱን የምንጀምረው «ከተማ» ከሚለው ቃል ነው። ዛሬ ከተማ ስንል ጎዳናና ሕንፃ ይታየናል። በመካከለኛው ዘመን ግን ከተማ ማለት በመጀመሪያ የንጉሡ ሰፈር፣ ማለትም ድንኳን ተተክሎ የተከተመበት ቦታ ነበር። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዓይኑ አይቶ ጽፏል። በሺህ የሚቆጠር ድንኳን በሜዳ ላይ ይተከላል፤ ነገር ግን ማንም ባገኘው ስፍራ አይተክልም። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ባለው ቦታ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ዳኞቹ፣ ገበያውና አንጥረኞቹ እያንዳንዳቸው በታወቀ ስፍራ ይሆናሉ። ስለዚህ ሰፈሩ ዛሬ እዚህ፣ ከወር በኋላ ሌላ ሜዳ ላይ ቢሆንም እንግዳ ሰው እንኳ አይጠፋበትም። የማዕረግ ስሞቻችንም የዚህ አሰፋፈርና የጉዞው ሥርዓት ቅሪት ናቸው፤ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች፣ ደጅ አዝማችና ፊታውራሪ የሚሉት ሁሉ መጀመሪያ የሚናገሩት ሰውዬው ከንጉሡ ድንኳን በየት በኩል እንደሚቆም ወይም እንደሚዘምት ነው።

ታቦታቱም ከሰፈሩ ጋር ይጓዙ ነበር። ካህናት እየተፈራረቁ በትከሻቸው ይሸከማሉ፤ ዲያቆን ቃጭል እያቃጨለ ከፊት ይሄዳል። ቃጭሉን የሰማ መንገደኛ ከመንገድ ይወጣል፤ በበቅሎ የተቀመጠም ይወርዳል። ይህን ሥርዓት ዛሬ በጥምቀት የምናየው ነው፤ በዚያ ዘመን ግን የዘመቻው የዘወትር ጉዞ ነበር። እንዲህ ያለው መንግሥት የሚመካው በቅጥር ሳይሆን በእንቅስቃሴ ነው። አንዱ አውራጃ ያፈራውን በልቶ ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የሸፈተ ገዥ ካለም ሠራዊቱ ራሱ ይደርስበታል። በየአውራጃው የሰፈሩት «ጨዋ» የሚባሉት የጦር ክፍሎች በሌላው ዓለም ምሽግ የሚሠራውን ሥራ ይሠሩ ነበር። በእንግሊዝ ኖርማኖቹ ከድል በኋላ ያገሩን ሕዝብ የያዙት ግንብ በመገንባት ነው፤ የእኛ ነገሥታት ወታደሩን ራሱን ተከሉት። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኛ አይመስለንም። ለሰፊና ገደላማ አገር የተሻለው ዘዴ ሳይሆን አልቀረም።

በቋሚነት የተሠሩት አብያተ ክርስቲያናትም ቢሆኑ አብዛኞቹ የእንጨት፣ የጭቃና የሣር ክዳን ነበሩ። ደጋው ጥድና ወይራ ሞልቶት ሳለ ድንጋይ መጥረብ ግድ አልሆነም። እንደ መካነ ሥላሴ ያሉት በወርቅ ያጌጡ የነገሥታት አብያተ ክርስቲያናትም በእሳት አልቀዋል።

እሳቱ የመጣው ከመጋቢት 1521 ዓ.ም. የሽምብራ ኩሬ ጦርነት በኋላ ነው። የኢማም አሕመድ ኢብራሂምን ዘመቻ በቅርብ ሆኖ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ለንጉሡ ወገን 16 ሺህ ፈረሰኛና ከ200 ሺህ በላይ እግረኛ፣ ለኢማሙ ደግሞ 560 ፈረሰኛና 12 ሺህ እግረኛ ይቆጥራል። ቁጥሩ የድል አድራጊ ጸሐፊ ቁጥር ስለሆነ እንዳለ አንቀበለውም፤ የንጉሡ ትልቅ ሠራዊት ተሸንፎ መበተኑ ግን እውነት ነው። ሠራዊቱ ራሱ ምሽግ የሆነበት አገር ሠራዊቱ ሲፈርስ የሚጠለልበት ቅጥር አልነበረውም። በ1523 ዓ.ም. ክረምት ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ ማኅበሩ ቤዛ ከፍሎ ሊያድነው ቢለምንም አልሆነም። ጦርነቱ በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ በዐፄ ገላውዴዎስ ድል እስኪያበቃ ድረስ ከሁለቱም ወገን ያለቀው የዚህች አገር ልጅ ነው።

ተከትሎም የሸዋ ሕዝብ አሰፋፈር ተለወጠ። መነኩሴው አባ ባሕርይ በ1580ዎቹ ሲጽፍ፣ የንጉሡ ሕዝብ በዐሥር ክፍል ተከፍሎ አንዱ ብቻ እንደሚዋጋ፣ በኦሮሞው ዘንድ ግን መዋጋት የሁሉም ወንድ ሥራ እንደሆነ በግልጽ አስቀምጧል። የተሸነፈ ወገን ጸሐፊ ሽንፈቱን ከገዛ ወገኑ ሥርዓት መርምሮ ማስረዳቱ ለዘመኑ ብርቅ ነው። በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚያሸጋግረው የገዳ ሥርዓት በምዕራብ ሸዋ የራሱን ማዕከል ተከለ፤ የሜጫ ኦሮሞ የሕግ ጉባኤ በጌዶ በኩል ባለው በኦዳ ቢሲል ዋርካ ሥር ይደረግ ነበር። ይህም የግንብ አዳራሽ አያሻውም፤ ጥላውና ጉባኤው ይበቃዋል። ቤተ መንግሥቱም ወደ ሰሜን ሄደ፤ ታላቁ የግንብ ዘመን የመጣውም ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ ነገሥታቱ በአንድ ቦታ መቀመጥ ሲጀምሩ ነው።

እንግዲህ የተረፈው እሳት የማይበላው ነው። በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ትውፊት ለቅዱስ ላሊበላ የሚሰጣት አዳዲ ማርያም ከአለት የተፈለፈለች በመሆኗ አለች፤ የየካ ዋሻ ሚካኤልም ፈርሶ እንኳ ቅርጹ ይነበባል። ከአምቦ በስተ ደቡብ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ በተፈጠረው በወንጪ ሐይቅ መካከል ያለው የቂርቆስ ገዳም ዛሬም የሚደረሰው በጀልባ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚገርመን ግን ሕንፃ ያልሆነው ቅርስ ነው፦ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን። እንደሚተረከው ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል። የእንጨት ሕንፃው አመድ ሲሆን እንጨቱ ራሱ ተረፈ ማለት ነው።

ቀሪው ከመሬት በታች ነው፤ በየአጥቢያው አሮጌው ሕንፃ ፈርሶ አዲስ መሠረት ሲቆፈር የሚያሳስበንም እዚህ ላይ ነው። የእንጨት ሕንፃ ሲጠፋ ምሰሶው የቆመበት ጉድጓድ በጠቆረ አፈር ይሞላና እንደ ክብ ነጠብጣብ ይቀራል፤ ክቦቹ ተሰልፈው ከታዩ የግድግዳው መሥመር ናቸው። የከሰልና የአመድ ንጣፍ የቃጠሎ ምልክት ነው፤ ከሰሉም በቤተ ሙከራ ዕድሜው ይታወቃል። ዶማ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጠፋዋል፤ የተጠረበ ድንጋይም ከተገኘ ወዲያው ለአጥር ይውላል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያስታውቅና ያገኘውን እንዳለ እንዲጠብቅ ያዝዛል። የሰበካ ጉባኤ የሕንፃ ኮሚቴዎች ከቆፋሪው ጋር ሲዋዋሉ ይህን አንድ አንቀጽ ቢያስገቡ፣ ጥቁር ክብ አፈር በታየበት ቦታም ቁፋሮውን አቁመው መለኪያ ከጎኑ አኑረው ፎቶግራፍ ቢያነሡ ወጪው የአንድ ቀን ሥራ ነው።