ድረ ገጻችንን ማን ማን ያነበዋል? የተደራሽነት መመርመሪያ ስለ መምረጥ

በውጭ አገር ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ድረ ገጽ የሌለው ማኅበር እየጠፋ ነው። ዕድሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ ኮሚዩኒቲውም አለው። እኔ በምኖርበት በሲያትል የከተማው አስተዳደር ሳይቀር ማስታወቂያውን በአማርኛ ያወጣል። ለመሆኑ ዓይነ ስውር ወገናችን እነዚህን ገጾች ሊጠቀምባቸው ይችላል?

ዓይነ ስውራን ኮምፒውተር የሚጠቀሙት ስክሪን ሪደር በሚባል፣ ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው በነጻ ይገኛል፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተሰኘ የድምፅ ሞተርም አማርኛ ያነባል። ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ ባይለሰልስም ይሰማል። እንግዲህ ብዙውን ጊዜ እንቅፋቱ ያለው በገጹ አሠራር ላይ ነው።

አሠራሩን የሚመዝን ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፤ 2.2 የተባለው እትም ደግሞ በ2023። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2024 ባወጣው ደንብ፣ የክፍለ ግዛትና የከተማ አስተዳደሮች ድረ ገጾች የሚመዘኑት በ2.1 እትም እንዲሆን ወስኗል።

ገጹን ከዚህ መመሪያ ጋር የሚያስተያዩ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። ምርጫው የሚወሰነው ውጤቱን በሚያነበው ሰው ማንነት ነው።

ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው በትርፍ ጊዜው የሚያገለግል በጎ ፈቃደኛ ከሆነ፣ በዩታ የሚገኘው ዌብኤይም የሠራውን ዌቭን እመርጥለታለሁ። ስሕተቱን በዚያው ገጽ ላይ በምልክት ያሳየዋል። በብሮውዘር ላይ የሚጫነው ዓይነት በይለፍ ቃል የተዘጋ ገጽንም ይመረምራል።

ፕሮግራም ጸሐፊ ካላችሁ አክስ ይሻላል። በነጻ የሚገኝ ኮድ ስለሆነ ገጹ በተለወጠ ቁጥር በራሱ እንዲመረምር ማድረግ ይቻላል። ከዚሁ ከሲያትል አጠገብ፣ ሬድመንድ ያለው ማይክሮሶፍት ያዘጋጀው አክሰሲቢሊቲ ኢንሳይትስም ሆነ የጉግሉ ላይትሃውስ ውስጣቸው አክስ ነው። ስለዚህ ሦስቱን መደርደር ሦስት ሐኪም እንደ ማማከር አይቆጠርም። የማይክሮሶፍቱ ብልጫ ማሽን የማይችለውን ምርመራ ሰው ደረጃ በደረጃ እንዲያደርገው መምራቱ ነው።

ማሽን የማይችለው ደግሞ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎች ከ140 በላይ ስሕተቶች ሆን ብለው በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጠው መሣሪያዎችን ሲፈትኑ፣ ከሁሉ የተሻለው እንኳ ግማሹን አላገኘም።

በአማርኛ ገጾች ላይ ችግሩ ይብሳል። እያንዳንዱ ገጽ በኮዱ ውስጥ ቋንቋውን መናገር አለበት፤ ለአማርኛ የተመደቡት «ኤ» እና «ኤም» የተባሉት የላቲን ፊደላት ናቸው። ገጹ በተዘጋጀ ቅርጽ ላይ ሲሠራ ግን የእንግሊዝኛው ምልክት እንዳለ ይቀራል። አክስ ምልክቱ መኖሩንና ትክክለኛ የቋንቋ መለያ መሆኑን ብቻ አይቶ ያሳልፈዋል። ስክሪን ሪደሩ ግን ፊደላችንን በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ሲታገል ወይ ይዘለዋል፣ ወይ ትርጉም የሌለው ነገር ያሰማል።

ሁለተኛው የፎቶ ማስታወቂያ ነው። አንድ የማውቃቸው ዓይነ ስውር አባት የጓደኛቸው ለቅሶ በፎቶ ብቻ ስለ ወጣ ቀብሩ አመለጣቸው። በፎቶው ሥር የተጻፈው የምትክ ጽሑፍ «ማስታወቂያ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ለመሣሪያው የምትክ ጽሑፍ አለ፤ ለእሳቸው ግን የሟቹ ስም፣ ቀኑና ቦታው የለም።

«አንድ መስመር ኮድ ጨምሩ፣ ገጻችሁ በራሱ ይስተካከላል» ከሚሉ ሻጮችም ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያለ ተስፋ የሰጠ አንድ ኩባንያ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል።

እንግዲህ የኔ ምክር ይህ ነው። ዌቭን ወይም አክስን አሂዱ፣ ያገኘውን አርሙ። ቀጥሎ የቋንቋውን ምልክት በዓይናችሁ ተመልከቱ። በፎቶ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በፊደል ጻፉት። ማውሱን ትታችሁ በኪቦርዱ ብቻ ገጹን ዙሩት። በመጨረሻም ኤንቪዲኤን ከፍታችሁ፣ ስክሪኑን አጥፍታችሁ አዳምጡ፤ ከተቻለም ዘወትር የሚጠቀምበትን ሰው ጋብዙ። የመጀመሪያው ሥራ ጥቂት ደቂቃ፣ ሌላው አንድ ምሽት ይፈጃል። የለቅሶ መልእክት ለሁሉም እንዲደርስ አንድ ምሽት አይበዛም።